ሰማያዊው መስኮት

ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔና ባለቤቴ ታናሽ እህቷን ለመጠየቅ ወደ ጀርመን፣ ፍራንክፈርት ሄደን ነበር። ከውጭ ለሚያየን የተስማማን ባልና ሚስት እንመስላለን። እኔም የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነኝ፤ የተጣሉ ባለትዳሮችን አስታርቃለሁ። የገዛ ቤቴ ግን አልታረቀም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለቤት መሥሪያ ያጠራቀምነውን ገንዘብ ባለቤቴን ሳላማክር ለወንድሜ አበደርሁት፤ ሳይመለስም ቀረ። እርሷ አልጮኸችም፣ ለማንም አልከሰሰችኝም፤ ዝም አለች እንጂ። ጉዳዩ በተነሣ ቁጥር እኔ «ያለፈውን እንርሳው፤ ክርስቲያኖች አይደለንም እንዴ?» እያልሁ አፏን እዘጋት ነበር። በዚህ ዓይነት አራት ዓመት አለፈ።

አንድ ቅዳሜ እህቷ «ጋሼ፣ ማይንዝ ቅርብ ነው፤ የቅዱስ እስጢፋኖስን ቤተ ክርስቲያን ላሳያችሁ» አለችን። ከአንድ ሰዓት ባነሰ የባቡር ጉዞ ደረስን። እውነቱን ለመናገር ብዙም ደስ አላለኝም። በወንጌላውያን ቤት ያደግሁ ሰው ነኝና ሥዕል የበዛበት ቤተ ክርስቲያን ስገባ እግሬ ይከብደኛል።

ቤተ ክርስቲያኑ እ.ኤ.አ. በ990 የተመሠረተ ነው። ዛሬ የሚታየው ሕንፃ ከ600 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በቦምብ ክፉኛ ተጎድቶ እንደገና ታድሷል። ግድግዳው ጥንታዊ ድንጋይ ነው። ገና ወደ ውስጥ ስንዘልቅ ግን ሰማያዊ ብርሃን ተቀበለን፤ ወለሉም፣ ዓምዱም፣ የባለቤቴ ነጠላም ሰማያዊ ሆነ። ብርሃኑ የሚመጣው በመሠዊያው ዙሪያ ካሉት ባለ ቀለም መስኮቶች ነው። ቀና ብዬ ሳይ ከልጅነቴ የማውቃቸውን ታሪኮች አገኘሁ፦ አብርሃም ሦስቱን እንግዶች ሲቀበል፣ ያዕቆብ በሕልሙ መሰላሉን ሲያይ፣ ሙሴ ትእዛዛቱን ሲቀበል።

«ይህን የሠራው አይሁዳዊ ነው» አለች የባለቤቴ እህት። ማርክ ሻጋል ይባላል፤ በ1887 ዛሬ ቤላሩስ በምትባለው አገር፣ በቪቴብስክ አካባቢ ተወለደ። በ1941 ናዚዎችን ሸሽቶ ከፈረንሳይ ወደ አሜሪካ ተሰደደ። ናዚዎች ስድስት ሚሊዮን ያህል ወገኖቹን ፈጅተዋል። ታዲያ ይህ ሰው ለጀርመን ቤተ ክርስቲያን እንዴት ሊሠራ ቻለ?

በ1973 የደብሩ ቄስ ክላውስ ማየር ደብዳቤ ጻፉለት። እኚህ ቄስ ራሳቸው አባታቸው አይሁዳዊ ነበሩ። የመጀመሪያው መስኮት የተተከለው ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1978 ነው። ሻጋል ያን ጊዜ የ91 ዓመት ሽማግሌ ነበር። የአይሁድና የጀርመኖች ዕርቅ ምልክት እንዲሆን ዘጠኝ መስኮቶች ሠራ፤ በ1985 በ97 ዓመቱም አረፈ። የቀሩትን የጎን መስኮቶች የረጅም ጊዜ የሥራ ባልደረባው ሻርል ማርክ ምስል በሌለው ለዘብ ያለ ሰማያዊ ጨረሳቸው።

አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ብዙ አየሁ። ሻጋል የጥንቶቹን አሠራር አልቀዳም፤ የእርሱ ሰዎችና መላእክት በአየር ላይ የሚንሳፈፉ ይመስላሉ። ድንጋዩም ለአዲሱ ሥራ ሲባል አልፈረሰም። የጥንቱ የመስኮት ክፈፍ አዲሱን መስታወት ይዞ ቆሟል። እኔ ግን ቤቴ ውስጥ ማድረግ የፈለግሁት ሌላ ነበር፦ ስብራቱን ሳልነካ አዲስ ኑሮ መጀመር።

ከሁሉ በላይ የነካኝ ደብዳቤው ነው። የተበደለው ወገን ራሱ እስኪመጣ አልተጠበቀም፤ ከጀርመን ተጽፎለት ተጠየቀ፤ ጊዜም ተሰጠው። ማቴዎስ 5፥23-24ን ስንት ጊዜ ሰብኬበታለሁ! ለባለቤቴ ግን በአራት ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ «በድዬሻለሁ» አላልኋትም።

እዚያው አግዳሚ ላይ ነገርኋት። «ገንዘቡ የሁለታችን ነበር። ሳልጠይቅሽ ሰጠሁት፤ ከዚያም ዝም አሰኘሁሽ። በድዬሻለሁ፤ ይቅር በይኝ።»

ብዙ ቆይታ «ገንዘቡ አይደለም የጎዳኝ» አለች። «እንዳልናገር መከልከሌ ነው። አሁን ልናገር?»

«ተናገሪ» አልኋት። በመመለሻው ባቡር እስከ ፍራንክፈርት ድረስ ተናገረች፤ እኔም አላቋረጥኋትም። ለመስማት ቀላል አልነበረም።

ሁሉ ነገር በአንድ ቀን አልተስተካከለም። ገንዘቡ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። አሁን ግን የባንክ ደብተራችን የሁለታችንን ፊርማ ይጠይቃል፤ በየወሩ መጨረሻ አብረን ተቀምጠን ሒሳብ እናያለን። ስለዚያ ገንዘብ ስታነሣም «እንርሳው» አልላትም።

ውድ ባለትዳሮች፣ በቤታችሁ «ያለፈ ነው» ተብሎ የተከደነ ነገር ካለ የትዳር ጓደኛችሁ እስኪያነሣው አትጠብቁ። የበደላችሁ እናንተ ከሆናችሁ ቀድማችሁ ሂዱ። መልሱ ቢዘገይም ታገሡ።