አይነካም

በኮምፒዩተር ባለሙያዎች ዘንድ ማለቂያ የሌለው ጭቅጭቅ አለ። ገሚሱ «ተፈትኖ የወጣውን እትም ይዘህ ቆይ» ይላል፤ ገሚሱ ደግሞ «አዲስ በወጣ ቁጥር ቶሎ ውሰድ» ባይ ነው። የፊተኞቹ ደቢያን የተባለውን የሊኑክስ ቤተሰብ ይጠቅሳሉ፤ «የተረጋጋ» የሚለውን እትሙን የሚያወጣው በየሁለት ዓመቱ ገደማ ነው። የኋለኞቹ አርች ሊኑክስን ይጠራሉ፤ እዚያ ማሻሻያው እንደ ወንዝ ሳያቋርጥ ይፈሳል። ይህ ሁሉ የፈረንጅ ወግ ብቻ የሚመስለው ጎፋን ለማያውቅ ሰው ነው።

ጎፋ ገብርኤል አካባቢ ጽሑፌን የማሳትምባት አንዲት ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አለች። ከሁለቱ ኮምፒዩተሮቿ አንዱ ዛሬም በዊንዶውስ ኤክስፒ ይሠራል፤ ግንባሩ ላይ «አይነካም» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ባለቤቱን «ጋሼ፣ ለምን አያሳድሱትም?» ብላቸው፣ «ልጄ፣ ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» አሉኝ።

በከንቱ አልፈሩም። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፊደላችንን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ በየራሱ አቀማመጥ ይደረድረው ስለነበር፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የጠንቋይ ድግምት ይመስላል። በዚያ ማሽን ውስጥ የእድር መተዳደሪያ ደንብ አለ፤ የኪራይ ውል፣ የሠርግ መጥሪያ፣ የስንቱ ማመልከቻ አለ። የተጻፉበት ፕሮግራም በአዲሱ ኮምፒዩተር ላይ አልከፈት ብሏል። ማሻሻያ በመጫን ላይ ሳለ መብራት ቢጠፋስ? እሱንም አስበውታል።

አጥብቆ መያዝ የሚያድንበት ጊዜም አለ። መጋቢት 20 ቀን 2016 ዓ.ም. አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ፣ ኤክስዜድ በሚባል የፋይል ማመቂያ ውስጥ ሆን ተብሎ የተሠራ የጓሮ በር ማግኘቱን ይፋ አደረገ። ጥርጣሬው የተነሣው ከርቀት ወደ ኮምፒዩተሩ ለመግባት ግማሽ ሰከንድ ያህል ተጨማሪ ጊዜ በመውሰዱ ነበር (ግማሽ ሰከንድ! እኛ ሰልፍ ላይ ግማሽ ቀን እንቆማለን)። መርዙ አዲሱን ለመቅመስ የሚቸኩሉት ዘንድ ደርሶ ነበር፤ የተረጋጋውን ደቢያን ግን አላገኘውም።

ታዲያ ጋሼ ረቱ? የለም። ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ዓለምን ሲያምስ፣ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ሳይቀሩ ቀጠሮ ሲሰርዙ፣ ማይክሮሶፍት ለአብዛኞቹ ማሽኖች መጠገኛውን ካወጣ ሁለት ወር ሊሞላው ነበር። የተመቱት በአመዛኙ መጠገኛውን ያልጫኑት ናቸው።

ጭቅጭቁ የሚስተው ነገር ይህ ይመስለኛል፤ የተረጋጋ ሌላ፣ የተተወ ሌላ። ደቢያን ቀዳዳ ሲገኝ እንደ ደንቡ ፕሮግራሙን በአዲስ አይለውጥም፤ ከአዲሱ እትም መድፈኛውን ብቻ ወስዶ በአሮጌው ላይ ይጥፈዋል። ልብስ ሰፊ ሁሉ የሚያውቀው ሥራ ነው። በእርግጥ ተጠቃሚው በጎረቤቱ አዲስ ፕሮግራም እየቀና ይኖራል፤ ጥበቃውም ዘላለማዊ አይደለም። ነሐሴ 3 ቀን 2017 ዓ.ም. የወጣው ደቢያን 13 ሙሉ ጥበቃ የሚያገኘው ለሦስት ዓመት፣ ከዚያ በተቀነሰ መልክ ለሁለት ዓመት ነው። ለኤክስፒ ግን መደበኛው ድጋፍ የቆመው መጋቢት 30 ቀን 2006 ዓ.ም. ነው። ጋሼ የኢንተርኔቱን ገመድ ነቅለዋል፤ የደንበኛው ፍላሽ ግን ቀኑን ሙሉ ይሰካል።

እኔ የምፈርደው ለተረጋጋው ነው፤ ጠባቂ እስካለው ድረስ። ዩኒኮድም በዚሁ መንገድ ይሄዳል። አንድ ጊዜ የተሰጠ የፊደል ቁጥር አይለወጥም፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ለሰባት ቤት ጉራጌ የሚያገለግሉ ፊደላት ሲጨመሩ ሀ ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም።

እዚያች ቤት የምትጽፈው ልጅ አሁን ገበያ ሲቀዘቅዝ የእድሩን ደንብ ከአሮጌው ማሽን አትማ፣ እያየች በአዲሱ ላይ በዩኒኮድ እንደገና ትጽፋለች። ባለፈው ሳምንት አንቀጽ 9 ላይ ደርሳ ነበር።