ዝግ ማለትም ሙያ ነው

እንጦጦ ማርያም ለኤሌክትሪክ ጊታር የሚመች ሰፈር አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ ከጫኑበት ደብር አጠገብ ከባሕር ዛፉ ሹክሹክታ በቀር ብዙ ድምፅ የለም። ማታ አንድ ውሻ ቢጮህ የማን እንደሆነ ሰፈሩ ያውቃል። እንግዲህ እዚህ መሃል እኛ በእጃችን የሠራነውን ፈዝ ስናበራ ምን እንደሚሆን እናንተው ገምቱት።

ፈዝ የጊታሩን ድምፅ ሆን ብሎ የሚያሻክር ትንሽ ሰርኪዩት ነው። የሙላቱ አስታጥቄን «የከርሞ ሰው» የሰማችሁ ያንን ሻካራ ጊታር ታውቁታላችሁ። እኛም ለዚያ ድምፅ ስንል ምናለሽ ተራ ወርደን ዕቃ ለቅመን በየድን። ሠራ! ችግሩ ቮልዩሙ ነው። ገና ከዜሮ ነቅነቅ ሲል ይጮሃል፤ ከሩብ በኋላ ብታዞሩትም ብዙ አይለወጥም። አከራያችን እማማ ነገሩን አሳጠሩት፦ «ልጆቼ፣ ወይ ዝግ አድርጉት ወይ ቤቴን ልቀቁልኝ።»

ጥፋቱ የጆሮ ነው ማለት ይቻላል። ጆሮ ድምፁ በግማሽ ቀነሰ ብሎ እንዲሰማው ኃይሉ ወደ አንድ አሥረኛ ገደማ መውረድ አለበት። የእኛ ቮልዩም ግን «ቢ» የተጻፈበት ባለ 100 ኪሎ ኦም ነው፤ እኩል እኩል ብቻ ይቀንሳል። ለድምፅ የሚሆነው «ኤ» የሚባለው ነው። (በድሮ የአውሮፓ ዕቃ ላይ ፊደሎቹ ይገላበጣሉ፤ በሜትር ለኩ።)

«ኤ» ካጣችሁ መላ አለ። የቮልዩሙን መካከለኛ እግርና ግራውንድ የገባውን እግር በ15 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አገናኙ። መሃል ላይ ሲቆም 50 በመቶ ያሳልፍ የነበረው 19 በመቶ ገደማ ብቻ ያሳልፋል። ከዜሮ እስከ መሃል ያለው መንገድ ለዝግታ ተለቀቀ ማለት ነው።

ነገር ግን ዋጋ አለው። ቮልዩሙ ሙሉ ሲከፈት 100 የነበረው ወደ 13 ኪሎ ኦም ይወርዳል። ከፊቱ ያለው ካፓሲተር 0.1 ማይክሮ ፋራድ ከሆነ ከ122 ኸርዝ በታች ያለው ድምፅ እየሳሳ ይሄዳል፤ የጊታር ወፍራሙ ክር ደግሞ 82 ኸርዝ ነው። ካፓሲተሩን በ1 ማይክሮ ፋራድ ስትቀይሩት ወፍራሙ ድምፅ ይመለሳል። መውጫው ላይ ኦፕአምፕ ሳይሆን ትራንዚስተር ብቻ ካለ ጠቅላላ ጩኸቱም ይቀንሳል። በእኛ ሰፈር ይሄ ጉዳት አይባልም።

አሁን ማታም እንለማመዳለን፤ ቤቱንም አለቀቅንም። በዚህ ከተማ ለወጣት የሚቀርበው ምርጫ ብዙ ጊዜ ሁለት ነው፦ ዝም በል ወይ ውጣ። በሁለቱ መሃል ግን ሰፊ ቦታ አለ፤ አንዳንዴ አንዲት ሬዚስተር ትከፍተዋለች።

እስከዚያው «ኤ» 100 ኪሎ ኦም የት እንደሚሸጥ የምታውቁ ካላችሁ ሹክ በሉን። ዝግ አድርጋችሁ።