ኮረሪማ በዋጋ ቅደም ተከተል

ሎስ አንጀለስ ውስጥ ኦሎምፒክ ቡሌቫርድ ከፌርፋክስ ጎዳና ጋር ከሚገናኝበት ማዕዘን ወደ ደቡብ ያለችው አጭር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2002 በከተማው ምክር ቤት ውሳኔ «ሊትል ኢትዮጵያ» ተብላለች። ምግብ ቤቱ፣ ቅመም መሸጫው፣ ጀበናና ነጠላ የተሰቀለበት መስኮት ሁሉ እዚህች ላይ ተጠጋግቷል። ባሕር ዳር ቡና ተጠርቼ የሄድኩ ያህል ነው የተሰማኝ።

በዚያው ኦሎምፒክ መንገድ ወደ ምዕራብ ሲነዱ ሾፕዚላ የተባለው ዋጋ አወዳዳሪ ድርጅት ለዓመታት ቢሮው የነበረበት አካባቢ ይደረሳል። በ1996 ቢዝሬት ተብሎ ተጀመረ፤ በ2005 ስክሪፕስ የተባለው የሚዲያ ኩባንያ በ525 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ሌላው አወዳዳሪ ፕራይስግራበርም በ1999 የተቋቋመው እዚሁ ከተማ ነው። የአንዱን ዕቃ ዋጋ ከሌላው ጋር ደርድሮ የማሳየት ንግድ ከበቀለባቸው ቦታዎች አንዱ የኛ ቅመም ሱቆች ጎረቤት መሆኑ ገረመኝ፤ ምክንያቱም ይህ ንግድ የኛን ዕቃ ፈጽሞ አያውቀውም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሻጩ የዕቃውን ስም፣ ዋጋ፣ ክብደት፣ ፎቶና ባርኮድ በፋይል ይልካል፤ ማሽኑ ባርኮዳቸው አንድ የሆኑትን ያገናኛል። ባርኮድ ከሌለ በስምና በምድብ ይገምታል። በላስቲክ ታሽጎ በካርጎ የመጣ ቅመም ደግሞ ባርኮድ ከየት ያመጣል? ስልኬ ላይ ኮረሪማ ብዬ ስፈልግ ከላይ የወጣልኝ ከሂማላያ ግርጌ የሚመጣው ጥቁር ካርዲሞም ነበር። እሱ በጭስ የሚደርቅ ነው፤ ዶሮ ወጥ ውስጥ ቢገባ ድስቱ ያረረ ነው የሚመስለው።

ጤፍማ የባሰ ነው። 25 ፓውንድ የሚመዝን፣ ወደ 11 ኪሎ ገደማ የሚሆን ከረጢት ፎቶ ተለጥፎ ክብደቱ 25 አውንስ ተብሎ ይጻፋል። ፓውንዱ 16 አውንስ ነውና ፎቶውን አምኖ ለገዛው ሰው የሚደርሰው ካሰበው አንድ አሥራ ስድስተኛው ነው። እዚህ ላይ ልብ ያልኩት ነገር አለ፦ ዝርዝሩ ከርካሽ ወደ ውድ ሲደረደር፣ ዕቃውን ርካሽ የሚያስመስለው ስህተት ወደ ላይ ይወጣል፤ ውድ የሚያስመስለው ደግሞ ማንም ሳያየው ታች ይቀራል። ስለዚህ ሰው ዓይን ውስጥ የሚገባው በአብዛኛው የሚያታልለው ስህተት ነው። በትክክል የጻፈ ነጋዴ ከመሀል ተቀብሮ ይውላል።

«የኢትዮጵያ ጤፍ» የሚለውም ያጠራጥራል። አገራችን ጥሬው ጤፍና ዱቄቱ ወደ ውጭ እንዳይላክ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምራ ለዓመታት ከልክላ ነበር፤ አይዳሆ ውስጥ ግን ከ1980ዎቹ ጀምሮ ይዘራል። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ቀለም የተቀባ ከረጢት ሁሉ እዚያ አገራችን አዴት የበቀለ አይደለም። ይህ እንኳ ጨጓራ አይነካም። የሚያስፈራው «ግሉተን የሌለው» የምትለዋ ምልክት እንጀራ ላይ ስትለጠፍ ነው። ጤፍ ግሉተን የለውም፤ አሜሪካ የሚጋገረው እንጀራ ግን ብዙ ጊዜ ገብስ ወይም ስንዴ ይገባበታል። ግሉተን የሚያሳምመው ሰው ያችን ምልክት አምኖ ሊበላ ነው።

ይህን ሁሉ፣ እዚያው ሊትል ኢትዮጵያ ቅመም ለሚሸጡ አንዲት እናት አጫወትኳቸው። ኮረሪማ ፈልፍለው እጄ ላይ ጣሉና «እስቲ አሽትተው ልጄ፤ ስልክ አያሸት» አሉኝ። የእህታቸው ልጅ ከካሽ ማሽኑ ጀርባ ሆኖ ሳቀ። የሱቁን ዕቃ በኢንተርኔት የሚያስገባው እሱ ነው። በመጀመሪያ ኮረሪማውን «ሌሎች ቅመሞች» ከሚለው ምድብ አስገብቶት ነበር፤ ወር ሙሉ የጠየቀው ሰው የለም። ወደ ካርዲሞም ሲያዛውረው ትዕዛዝ መጣ።

«ታዲያ እያወቅህ?» አልኩት።

«ፎቶው የራሳችን ነው፤ የሚያውቅ ያውቀዋል» አለኝ።

አክስቱ ይህን ከቁም ነገር አልቆጠሩትም። «እሱን እንደ ፍጥርጥርህ» አሉት፤ «ፓውንድና አውንሱን ግን አደራ! ከኪሴ ነው የሚወጣው።»