የፕሮፔለሩ መሀል

እዚህ መቐለ የእንጨት ፕሮፔለር ቢገኝ ሰው ሁሉ «የጣሊያን ነው» ማለቱ አይቀርም። ግምቱ መጥፎ አይደለም። ጣሊያን ከተማዋን የያዘው በጥቅምት 1928 ዓ.ም. ነው፤ በየካቲት የአምባ አራዶም ውጊያ ጊዜ ደግሞ ሰማዩ የእሱ ነበር። ግን ግምት ማስረጃ አይሆንም።

እኔ ብሆን ምላጮቹን ትቼ መሀሉን ነው የማየው። በሞተሩ ዘንግ ላይ የሚታሰርበት ወፍራሙ ክፍል ላይ ብዙ ጊዜ በብረት ማኅተም የተመቱ ፊደሎችና ቁጥሮች አሉ፦ የሞተሩ ዓይነት፣ የፈረስ ጉልበቱ፣ የፕሮፔለሩ ርዝመት፣ የስዕሉ ቁጥር። ርዝመቱ በሚሊሜትር ከሆነ የአውሮፓ ዋናው ምድር ሥራ ሊሆን ይችላል። የብሎን ቀዳዳዎቹ ብዛትና በመካከላቸው ያለው ርቀትም ሞተሩን ይጠቁማል።

ሞተሩ ታወቀ ማለት ግን አውሮፕላኑ ታወቀ ማለት አይደለም። «ፀሐይ»ን እዩ! በ1935 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር የሠራት፣ ጣሊያን ወስዶ በ2016 ዓ.ም. የመለሳት አውሮፕላን ናት። ሞተሯ ግን የቼኮዝሎቫኪያው ዋልተር ነበር። ሞተሩን ብቻ ያየ ሰው አዲስ አበባን ከየት ያመጣታል?

እንዲህ ያለ ዕቃ ቤታችሁ ካለ እባካችሁ በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉት፤ ቫርኒሽም አትቀቡት፣ ማኅተሙ ይጠፋል። መሀሉን በሁለቱም በኩል፣ ብርሃኑን ከጎን አድርጋችሁ ፎቶ አንሱና ላኩልኝ።