ሲጋራውን የገዛሁላቸው እኔ ነኝ

ባለፈው ክረምት የሠራሁትን ጥፋት ልንገራችሁ።

የአንኮበሩ አጎቴ በጉሮሮ ካንሰር ታመው ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ተላኩ። የጨረር ሕክምና ታዘዘላቸው። ትምህርት ተዘግቶ ስለነበር አስታማሚው እኔ ሆንኩ። አዲስ አበባ ቤት ተከራይተን በየቀኑ እንመላለስ ጀመር።

አንድ ማለዳ ጋሼ እጄን ይዘው፣ «የእህቴ ልጅ፣ አንዲት ብቻ አምጣልኝ። ከእንግዲህ ወዲያ ምን ይጎዳኛል?» አሉኝ። አንጀቴን በሉት፤ ወጥቼ ገዛሁ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው ሲጋራ መሸጥን ይከለክላል። እኔ ገና ሃያዬ ነው፤ ሻጩ ግን ምንም አልጠየቀኝም።

ሕክምና ስንደርስ ሲስተሯ ሽታውን አወቀችው። አሁን ጉዳችን ፈላ ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሷ ግን ወንበር ስባ ተቀመጠችና፣ «አባባ፣ በጣም የሚያምርዎት ስንት ሰዓት ላይ ነው?» አለቻቸው።

«ጠዋት፣ ቡና ስጠጣ» አሉ።

ከዚያ ቀስ ብላ አስረዳችን። ካንሰር ከያዘም በኋላ ማቆም ይጠቅማል። ጭሱ ደም የሚሸከመውን ኦክስጅን ስለሚቀንስ የጨረሩን ኃይል ያዳክማል፤ የአፍና የጉሮሮ ቁስልም ቶሎ እንዳይሽር ያደርጋል። ኒኮቲን የለመደ ሰውነት ሲያጣው ይነጫነጫል፣ እንቅልፍ ይነሳል፤ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ይከብዳሉ፣ በሳምንታት ውስጥ ግን እየቀለለ ይሄዳል። የሚያቆሙበትን ቀን ራሳቸው ጋሼ እንዲመርጡ አደረገች። ሰኞን መረጡ። ለእኔም ሥራ ሰጠችኝ፦ ጠዋት ቡናው ሲቀርብ ከአጠገባቸው እንዳልጠፋ።

በየቀኑ ትጠይቃቸዋለች፤ ቅዳሜና እሑድ ትደውላለች። ዓርብ ላይ ጋሼ ተሸነፉና ከደጅ ለምነው አጨሱ። አፍረው ሲነግሯት፣ «አራት ቀን ችለዋል እኮ! አሁንም ይችላሉ፤ እንደገና እንቁጠር» አለቻቸው።

ጋሼ ድነዋል ብዬ አላወራም፤ ክትትል ላይ ናቸው። አንኮበር ተመልሰዋል፤ ካቆሙ ግን ስድስተኛ ወራቸውን ይዘዋል።

እኔ ያዘንኩላቸው መስሎኝ ሲጋራ ገዛሁ፤ እሷ ግን የእውነት አዝና ጠየቀቻቸው፣ ቆጠረችላቸው፣ በማግስቱም ደግማ ጠየቀቻቸው። እኛ እጩ መምህራን ነገ ክፍል ስንገባ ትምህርት የከበደው ልጅ ይገጥመናል። ያን ጊዜ ከቁጣችን በፊት «የት ላይ ነው የከበደህ?» ማለትን አንርሳ እላለሁ።