አንድ ቦታ ብቻ ያለ ነገር ተቀመጠ አይባልም



እኔ መድረሳ የቀራሁ ሰው ነኝ፤ ኮምፒውተር ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርኩም። ኢማማችንን ሳግዝ ኹጥባና ደርስ የመቅዳቱ ሥራ እኔ ላይ ስለወደቀ፣ ፋይል ማስቀመጥና የተበላሸ ፍላሽ ማየት ቀስ በቀስ ለመድኩ። አሁን እሁድ እሁድ ከዐስር ሰላት በኋላ እዚህ አምቦ አራት ሆነን እንቀመጣለን፦ አንድ ሞባይል ጠጋኝ፣ አንድ አስተማሪ፣ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪና እኔ። ከጉደርም ከጊንጪም ሰው ይመጣል። ሙስሊም ክርስቲያን ብለን አንለይም፤ ጎረቤት ጎረቤት ነው። ክፍያም የለም።

ከሚመጣው ጥያቄ አብዛኛው ሁለት ዓይነት ነው።

የመጀመሪያው «ፍላሼ ውስጥ ያለው ሁሉ ሾርትከት ሆነ» የሚል ነው። ይህ ቫይረስ ብዙ ሰው ፍላሽ ከሚሰካበት ኮምፒውተር ይመጣል፤ ፎቶ ኮፒ ቤት፣ ኢንተርኔት ቤት። አብዛኛውን ጊዜ ፋይሉን አያጠፋውም፤ ይደብቀውና በቦታው ሾርትከት ያስቀምጣል። ጉዳቱ የሚመጣው ባለቤቱ ደንግጦ ፎርማት ሲያደርገው ነው። ስለዚህ እንዳለ አምጡት። ከፍላሽ ወይም ከሚሞሪ ላይ ፋይል በስህተት ከሰረዛችሁም ሌላ ነገር አትጫኑበት። የተሰረዘው ፋይል ቦታው በሌላ እስኪያዝ ድረስ ብዙ ጊዜ ሊመለስ ይችላል።

ሁለተኛው «1 ቴራ ነው» ተብሎ በርካሽ የተገዛ ፍላሽ ነው። ውስጡ ያለው 8 ወይም 16 ጊጋ ሆኖ ሳለ፣ ለኮምፒውተሩ 1 ቴራ ነኝ እንዲል ተደርጎ የተሠራ አለ። እውነተኛው ቦታ ሲሞላ የሚጨመረው ፋይል ስሙ ይታያል፣ ግን አይከፈትም፤ አንዳንዱም የድሮውን ይደመስሳል። አዲስ ፍላሽ ስትገዙ ገና ባዶ ሳለ ሞልቶ አንብቦ የሚፈትሽ ኤችቱቴስትደብልዩ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ እኛ ጋ አምጡትና እንፈትሽላችሁ።

እነዚህ ሁለቱ መላ አላቸው። መላ የሌለው ግን ሌላ ነው።

አንድ ቀን አንዲት እናት ሚሞሪ በመሀረብ ጫፍ ቋጥረው መጡ። ባለቤታቸው ሸይኽ ነበሩ፤ ወደ አኼራ ከሄዱ ቆይተዋል። ለዓመታት በአፋን ኦሮሞ ያስቀሩት ደርስ የተቀዳው በእሳቸው ስልክ ሲሆን፣ የነበረውም በዚያች ሚሞሪ ላይ ብቻ ነው። በሦስት ኮምፒውተርና በሁለት ስልክ ሞከርናት። የትኛውም አላወቃትም። ሞባይል ጠጋኙ ወንድማችን አገላብጦ አያትና አንገቱን ደፋ። እናታችን ዝም ብለው ሲያዩን ቆዩና «ልጆቼ፣ እንግዲህ ድምፃቸው የት ሄደ?» አሉን። መልስ አልነበረንም።

እዚህ ላይ ማንም ጥፋተኛ የለም። ሚሞሪ እንዲህ ነው፤ ሳያስጠነቅቅ ይሞታል። የትኛውም ዕቃ ብቻውን ጠባቂ አይሆንም። የሚጠብቀው ብዛት ነው።

ይህን ነገር ለእኛ ማንም ከውጭ ሊያስተምረን አይገባም ነበር። በየማማ ጦርነት ቁርኣንን በልባቸው የያዙ ብዙ ሰዎች ሲሞቱ ዑመር (ረ.ዐ) ሰጉ፤ አቡበክር (ረ.ዐ) ዘይድ ኢብኑ ሳቢትን ሰብስብ አሏቸው። ዘይድም ከዘንባባ ዝንጣፊው፣ ከጠፍጣፋ ድንጋዩና ከሰዎች ልብ ሰበሰቡት። በኋላ በዑስማን (ረ.ዐ) ዘመን ተባዝቶ ወደየከተማው ተላከ። በልብም በጽሑፍም ነበር፤ ቅጂውም በአንድ ከተማ ብቻ አልተቀመጠም።

ዛሬ የኮምፒውተር ሰዎች የሚመክሩትም ለዚህ ቅርብ ነው። አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ ፒተር ክሮግ ያስለመደው ደንብ «3፣ 2፣ 1» ይባላል፦ 3 ቅጂ፣ በ2 ዓይነት ዕቃ ላይ፣ 1ዱ ከቤት ውጭ።

«ኢንተርኔት ላይ ካስቀመጥኩት አይበቃም?» የሚለኝ ብዙ ነው። ጥሩ ነው፤ ጉግል 15 ጊጋ በነፃ ይሰጣል። ግን ሰኔ 2012ን እናስታውስ። የአምቦው ልጅ አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ተዘግቶ ነበር። ያኔ ፋይሉ ሁሉ ቴሌግራም ላይ የነበረ ሰው አዲስ ስልክ ቢይዝ ምንም ማውረድ አይችልም ነበር። የይለፍ ቃል ይረሳል፣ ሲም ይጠፋል፣ ብዙ ጊዜ ያልተከፈተ የቴሌግራም አካውንትም ራሱን ይሰርዛል። ኢንተርኔት አንዱ ቅጂ ይሁን፤ ብቸኛው አይሁን።

ወጪውን አትፍሩ። የሰው ንግግር ብዙ ቦታ አይፈልግም። የአንድ ሰዓት ደርስ በ64 ኪሎቢት ቢቀዳ 29 ሜጋ ገደማ ነው። በሳምንት አንድ ሰዓት ለ10 ዓመት የተቀዳ ደርስ አንድ እውነተኛ 16 ጊጋ ፍላሽ ላይ ይገባል። የአንድ ሸይኽ የዕድሜ ልፋት በኪስ የሚያዝ ነው ማለት ነው፤ የሚጠፋውም ለዚሁ ነው።

ከባዱ «1ዱ ከቤት ውጭ» የሚለው ነው፤ ምክንያቱም ሰው ማመንን ይጠይቃል። እኛ ያደረግነው ቀላል ነው። የጊንጪ ወንድሞች ቅጂ አምቦ ይቀመጣል፣ የአምቦው ጉደር፣ የጉደሩ ጊንጪ። ቤት ቢቃጠል፣ ጎርፍ ቢገባ፣ ሌባ ቢወስድ፣ ሌላው ከተማ አለ። ፍላሽ ላይ ቀን ይጻፋል። በየስድስት ወሩ ይሰካል፤ ከመሀሉ ጥቂት ፋይል ተከፍቶ ይደመጣል። ፍላሽ ለብዙ ዓመት ሳይሰካ ከቆየ የያዘውን ሊለቅ ስለሚችል «መሳቢያ ውስጥ አለ» ማለት ዋስትና አይደለም።

ለምትረዱ ወጣቶች ደግሞ አንድ አደራ አለኝ። የሰው ስልክ የሰው ቤት ነው። ባለቤቱ አጠገባችሁ ሳይቀመጥ አትክፈቱ፤ ያልተጠየቃችሁትን ፎቶ አትዩ፤ «ልሞክረው» ብላችሁ ወደ ራሳችሁ ኮምፒውተር የገለበጣችሁትን ሥራው ሲያልቅ እዚያው ፊቱ አጥፉ። የእህቶችን ስልክ እህቶች ይዩት፤ አልሐምዱሊላህ ሁለት እህቶች ተምረው ይህንኑ እየሠሩ ነው። ወደ ሌላ ከተማ የሚሄድ የቤተሰብ ፎቶ በይለፍ ቃል ተቆልፎ ይሂድ። አንድ ጊዜ አደራ ከተበላ፣ ሰው ፍላሹን አምጥቶ ከሚያሳየን ቢበላሽበት ይመርጣል፤ ያኔ ሁሉም ነገር ተመልሶ አንድ ቦታ ይቀራል።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ዛሬ ማታ ስልካችሁን ክፈቱና አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ይህ ስልክ ነገ ቢጠፋ ዳግም የማላገኘው ምንድን ነው? የእናት ድምፅ ይሆናል፣ የኒካሕ ፎቶ ይሆናል፣ የሸይኽ ደርስ ይሆናል። እሱን ብቻ ለዩና በዚህ ሳምንት ሌላ ሁለት ቦታ አስቀምጡት። በየመንደራችሁ በሕይወት ያሉ ሸይኾችና አዛውንቶች ካሉ ደግሞ አስፈቅዳችሁ ቅዱ፤ የቀዳችሁትንም በዚያው ቀን ገልብጡ።

አቅራቢያችሁ ላለ ሰው አድርሱት።