ዕቃው ካልመጣ ሰውየው ይሂድ

መርካቶ የማያስመጣው ነገር የለም እያልን ስንኩራራ ኖረናል። የሸማ ተራው ጎረቤታችን ጋሼ ካንሰራቸው የት ድረስ እንደሄደ በፔት ስካን ይታይ ሲባሉ የጠየቁትም የነጋዴ ጥያቄ ነበር፦ «መድኃኒቱን አስመጥተን እዚሁ ብንነሳስ?»

አይመጣማ! ፔት ስካን ፍሎሪን-18 ይፈልጋል። ሳይክሎትሮን የሚባለው ማሽን ፕሮቶኖችን በማግኔት እያሽከረከረ ካፈጠናቸው በኋላ ኦክስጅን-18 ባለበት ልዩ ውሃ ላይ ይለቃቸዋል፤ ፍሎሪኑ የሚገኘው ከዚያ ነው። ስኳር መሰል ውህድ ላይ ተጭኖ በደም ሥር ይሰጣል፤ ስኳር የሚስገበገበው ዕጢ ሰብስቦ ሲይዘው በካሜራው ይጋለጣል። ግን በየ110 ደቂቃው ግማሹ ይጠፋል። ከናይሮቢ ተነስቶ በረራውና ጉምሩኩ አራት ሰዓት ቢፈጅ የሚተርፈው ከሩብ ያነሰ ነው። (አራት ሰዓት የሚበቃው ጉምሩክ ካለ ማለቴ ነው።)

ያኔ አዲስ አበባ ላይ ሳይክሎትሮን አልነበረም። ስለዚህ ዕቃው ካልመጣ ሰውየው ይሂድ ተባለ። ደብተር ይዘን ከሱቅ ሱቅ ዞርን፤ ዕቁብ የደረሰው ዕጣውን ለቀቀላቸው። ዶላሩ ተለቃቅሞ ባንኮክ እስኪደርሱ ግን ወራት አልፈው ነበርና፣ ስካኑ የነገረን ጉበታቸው ላይ መድረሱን ብቻ ነው።

ኢትዮጵያ የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ አባል የሆነችው ኤጀንሲው በተመሠረተበት በ1957 እ.ኤ.አ. ነው። ኬንያ የገባችው በ1965። ሳይክሎትሮኑን ቀድሞ የተከለው ግን የናይሮቢው አጋ ካን ሆስፒታል ነው። እኛ ጋ በጥቁር አንበሳ በ1997 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የጨረር ሕክምና እንኳ ለሃያ ዓመት ያህል ለመላ አገሪቱ ብቸኛው ሆኖ ቆየ።

መንግሥትን መውቀስ ይቀለኛል። እኔን የሚያንገበግበኝ የጋሼ አርባ ነው። ሐኪም ዘመዳቸው ተነስቶ፣ «ለየበሽተኛው ቲኬት የምታዋጡትን አንድ ላይ አቁሙት፤ አክሲዮን ሽጡ፣ ማሽኑን እዚህ እንትከል» አለን። ዋጋው በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር ነው፤ ቢሆንም በዚያ ድንኳን ውስጥ የባንክ አክሲዮን ያልገዛ ነጋዴ አልነበረም። ሁላችንም «እውነት ነው» አልን። አስተባባሪ እንኳ ተመረጠ።

በሳምንቱ የሱቅ ኪራይ ጭማሪ መጣ። ቀጥሎ ግብር። አስተባባሪው ሁለቴ ስብሰባ ጠራ፤ ሁለተኛው ላይ የመጣው እሱና ሐኪሙ ብቻ ነበሩ። ከዚያ የቆርቆሮ ተራ ሴትዮ ልጅ ታመመችና አዲስ ደብተር ተከፈተ፤ ለዴልሂ ቲኬት። በአንድ ቀን ሞላ።